በሃምሳ የታዘዘልኝ ጾም

ሐምሌ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.
ጎንደር

ለንስሐ አባቴ፤ ደባርቅ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያምዎት የነበረው ተሻለዎት ወይ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በሕይወት አለሁ። «አባ ይፍቱኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ሆን ብዬ ተውኩት። እንዲህ ስደፍርዎት የመጀመሪያዬ ነው። ቢቀየሙኝም ቅያሜዎ ከእኔ አይብስም።

አውሮፕላን ማብረር መማር የፈለግሁት ለጉራ እንዳልነበረ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዳባት ስማር የፊዚክስ አስተማሪያችን አሻግሬ ሰሌዳው ላይ ክንፍ ስሎ አየሩ ከላይና ከታች እንዴት እንደሚያልፍ ያሳየን ቀን ነው የጀመረኝ። ከክፍል ሲወጣ ተከትዬ ይህን ለመማር ከየት ነው የሚጀመረው አልኩት። ራሱ ሞክሮ በዓይኑ ምክንያት የቀረ ሰው ነውና አንድ በአንድ ነገረኝ። በሒሳብ፣ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ በርታ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙላ፤ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያዝ፤ መልማዮቹ ጎንደር ሲመጡ ዓይንህ፣ ጆሮህና ልብህ ደህና ከሆነ ደብረ ዘይት ይወስዱሃል አለኝ። እዚያም የመጀመሪያው ወራት መሬት ላይ ነው፤ ሞተሩን፣ ካርታውን፣ የአየሩን ጠባይ ትማራለህ። ቀጥሎ ሁለት ሰው በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር ትወጣለህ። አንድ ቀን አስተማሪው ይወርድና «በል፣ ብቻህን» ይልሃል አለኝ። አባ፣ እኔ የምኖረው ለዚያች ቀን ነበር። ራሴን እንዳያዞረኝ ልልመድ ብዬ አውድማ ላይ ስሽከረከር፣ የሰፈሩ ሰው ዛር ያዘው ሲል፣ እርስዎም አብረው ስቀውብኛል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቀበሌ ሄጄ አሥራ ስምንት ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ውሸቱ ቢከብደኝ በዳግም ትንሣኤ ማግስት መጥቼ ተናዘዝኩልዎት። ሠላሳ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳትቀምስ ጹም፣ በየቀኑ አርባ አርባ ስገድ አሉኝ። ምርመራው በዚሁ ወር መሆኑን ነግሬዎታለሁ። «አባ፣ ሃምሳው ሳይወጣ ይጾማል ወይ?» ብዬም ጠይቄዎታለሁ። «ኃጢአት ለሠራ ሃምሳ የለውም፤ ቄሱ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብለው ተቆጡኝ። አመንኩዎት። እርስዎን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጎንደር መልማዮቹ ፊት ቀረብኩ። ዓይኔን ሲመረምሩ እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበብኩ። ጆሮዬም ደህና ተባለ። ደም ቀዱኝና ሰባት ሰዓት ገደማ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ወለሉን ብቻ ነው። ሐኪሙ ምን በልተህ ነበር ሲለኝ ጾም ላይ ነኝ አልኩ። ነርሷ ማተብ ያሰረች ሴት ናት፤ በድንጋጤ አፏን ይዛ፣ በበዓለ ሃምሳ ማነው ያጾመህ፣ እንኳን ጾም ስግደት ክልክል አይደለም ወይ አለች። ሐኪሙ ግን ይህን ሁሉ አልጻፈም። «ራሱን ይስታል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። እንዲህ የተጻፈበት ሰው ሁለተኛ አይመዘገብም ተባልኩ።

በመኪና ስመለስ እስከ ዳባት በልቤ ስሰድብዎት ነበር፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ አለቀስኩ። እርስዎ እኮ የሃምሳውን ሥርዓት ለልጆች የሚያስተምሩ ሰው ነዎት! ተሳስተው ነው ብዬ ይቅር እንዳልልዎት፣ እርስዎ የሚሳሳቱት ነገር አይደለም።

ቤት ስደርስ እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ። ጾሜ ሰባት ቀን እንደሚቀረው ታውቃለች፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ አብራኝ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። አለፍክ ወይስ ወደቅህ ብላ አልጠየቀችኝም። አሁንስ በቃህ፣ ብላ አለችኝና የወንድሜን የክንዴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳ በነጠላዋ ጠረገችው። ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ ሦስት ዓመቱ ነው። ወንድሜን እንዳልከተል ጾሙን ከእርስዎ ጋር የመከረችው እሷ መሆኗ ያኔ ገባኝ፤ በላሁ። እሷን መጥላት ስለማልችል እርስዎን ጠላሁ።

አሁን የሚቀጥለውን ይስሙ። ባለፈው ሳምንት ሥራ ልፈልግ ዳባት ወርጄ ገበያው መሀል ለብሔራዊ ውትድርና ያዙኝ። ዕድሜዬ አልደረሰም ብዬ ጮህኩ። ከደባርቅ የቀበሌውን መዝገብ አስመጥተው በገዛ እጄ የፈረምኩትን አሳዩኝ። አሥራ ስምንት ይላል። ተናዝዤበት፣ ጾሜበት፣ ሰግጄበት ከመዝገቡ አልጠፋም። ይህን የምጽፈው ጎንደር አምጥተውኝ ከመቶ ልጆች ጋር ተዘግቶብኝ ነው። ነገ በካሚዮን ወደ ማሠልጠኛ እንጫናለን፤ ከዚያ ወዴት እንደምንላክ እርስዎም እኔም እናውቃለን። አየር ኃይል ገብቼ ቢሆን ኖሮ እኮ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ትምህርት ላይ ነበርኩ፣ አባ!

እናቴ ዳባት አሻግሬ ዘንድ ያለሁ ይመስላታል። ደብዳቤ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎትና ሌላ ወረቀት አብሬ አጥፌያለሁ፤ ሥራ አገኘሁ፣ ደህና ነኝ ይላል። እሱን ያንብቡላት። መዋሸት ኃጢአት ነው እንዳይሉኝ። ከእሱ ቀጥሎ ከመንግሥት የሚመጣ ወረቀት ቢኖር፣ የክንዴን እንዳነበቡላት፣ የእኔንም የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት።

ለእሷ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለእርስዎም እስከዚያ ቀን እግዚአብሔር ዓይንዎን ይጠብቅልዎት።

የንስሐ ልጅዎ