ከጎን ሲያዩት የሚጠቁር ስልክ

ጥር 4

ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሞርጄ ጨረስኩ። አንዱ ተመልሶ መጣ… የተሠራላቸው ሽማግሌ "ስስቅ ሌላ ሰው እመስላለሁ" ብለዋል። ምን ላድርግላቸው?

ከሥራ ስወጣ አዲሱን ስልክ ገዛሁ። ሻጩ ስለ ካሜራው ሊተነትን ሲል አቋረጥኩት። "ከጎን ያለ ሰው አያይም የሚባለው እውነት ነው?"

"ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው፣ እህቴ።"

"ጠቅልልልኝ!"

ምን ላድርግ? እማዬ ሶፋው ላይ በግራዬ ተቀምጣ የሚመጣልኝን ሁሉ ከእኔ ቀድማ ታነባለች። ባለፈው የሕንፃችንን ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬ "ደረስሽ?" ብሎ ሲጽፍልኝ፣ "ደርሻለሁ በይው እንጂ፣ ምን ያንቀረፍፍሻል?" አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው!

ጥር 5

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዞርኩት። ከፊት ለፊት ፏ ያለ ብርሃን፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን… ድርግም። ካሜራው ግን ጨካኝ ነው፤ አፍንጫዬ ላይ ያለውን የላብ ቀዳዳ አንድ በአንድ አሳየኝ። ከበድም ይላል። ይሁን።

ጥር 7

ጠጋኙ ጻፈልኝ። ሊጠግነው የገባበት ሊፍት ከአንዲት ዳኛ ጋር ተዘጋበት። "ስንት ዓመት ፈረድክብኝ?" ሲሉት "ይግባኝ ይጠይቁ" አላቸው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እማዬ አንገቷን አሰገገች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ደግማ አሰገገች።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም።"

ድል!

ከቀልዱ ሥር ግን ሌላ መስመር ነበር። "እናትሽን ላናግር ብመጣ ምን ትያለሽ?" አልመለስኩለትም። እሷን ብቻዋን ትቼ የት እሄዳለሁ?

ጥር 11

እማዬ ተክዛለች። የጀመረችውን ሹራብ እንኳ አላነሳችም። ጠጋኙም ደግሞ አልጻፈም…

ጥር 13

መቀስ ስፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ የዓይን ክሊኒክ ካርድ አገኘሁ። ብቻዋን ሄዳለች! ዓይኔ ጠፋ ብላ ይሆን? "ስልክሽን ማንበብ አቃተኝ" ብላ እንዴት ትንገረኝ… አፈርኩ። የስልኩን ነገር ነገ እነግራታለሁ።

ጥር 14

ቀደሙኝ። ከሥራ ስገባ እማዬና እህቷ፣ አክስቴ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሰው የሞተባቸው ይመስላል።

"ልጄ፣" አለች አክስቴ፣ "የጨለመ ስልክ እያየሽ ትስቂያለሽ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሐኪሙ ዓይንሽ ደህና ነው አለኝ፣" አለች እማዬ። "የእኔ ዓይን ደህና ከሆነ… እንግዲህ የታመምሽው አንቺ ነሽ።" እንባዋ መጣ።

ስልኩን ፊት ለፊቷ ያዝኩላት። በራ። ወደ ጎን አዞርኩት። ጨለመ። ሁለቱም አፋቸውን ያዙ።

"ከእኔ ለመደበቅ ነው?"

"አዎ፣ ከአንቺ።"

ተቀየመችኝ ብዬ ስሰጋ፣ ስልኩን ነጥቃኝ ማንበብ ጀመረች! ቀልዱን አነበበች። ከዚያ ከሥሩ ያለውን…

"ይሄ መቼ ነው የተጻፈው?"

"ሳምንቱ ነው።"

"ሳምንት ሙሉ ሰው አንጠልጥለሽ?"

"ብቻሽን ትቀሪያለሽ ብዬ እኮ ነው።"

"በእኔ አታመካኚ!" የምሯን ተቆጣች። ቆየት ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የአንቺ ብቻሽን መቅረት ነው" አለች።

ሦስታችንም አለቀስን። አክስቴ ለምን እንዳለቀሰች አላውቅም። "ና" ብዬ ለጠጋኙ ጻፍኩለት።

ጥር 19

መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። እማዬ ስለ ደመወዙ ትጠይቀዋለች ብዬ ስፈራ፣ "እስቲ የዳኛዋን ነገር ከአፍህ ልስማው" አለችው። ሲነግራት ከእኔ በላይ ሳቀች። ሲወጣ፣ "ትንሽ ቀጭን ነው… ግን ደህና ነው።"

መጋቢት 2

ከጠጋኙ ጋር ተጋባን፤ ክፍሌን ለአክስቴ አስረከብኩ። ከእማዬ ጋር ልትኖር ነው። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ መጋረጃው አልጣማትም። እማዬ ከሳሎን፣ "ካልጣመሽ ዓይንሽን ጨፍኚ!" አክስቴ ከጓዳ፣ "አንቺ ደሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ!" …አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ ደጅ ላይ ካርቶኔን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ሁለቱ ሲነታረኩ መስማት እንዴት ደስ ይላል!