ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ ጠረጴዛ

ለውድ የጠረጴዛ ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? በቆሎህን በረዶ ሳይቀድምህ ሰብስበህ ጨረስክ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማማረሩ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ካለፈው የጨዋታ ወቅት ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ስልክ ቁጥርህን ጠይቄህ አላውቅም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ምን ያደርግልናል ብለን እንጠይቅ? የትምህርት ቤቶቻችን ሊግ ራሱ በየዓመቱ እየጎተተ፣ የቅርጫት ኳስ ነጥብ እንድንመዘግብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠን ነበር፤ አንዴ እኛ ብራደን፣ አንዴ እናንተ ሃስኬት። አድራሻህን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጸሐፊ ነው፤ ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ ቀላሁ።

ፊደሉ ምነው እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዘፈ ብለህ አትሳቅብኝ። በወፍራም ብዕር፣ በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ እያደረግሁ ነው የምጽፈው። ለሌላ ሰው ሳትሰጥ ራስህ እንድታነበው ስለፈለግሁ ነው።

ሊጉ ከፈረሰ ወዲህ ከተማችን ከተማ አልመሰለኝም። ሁለቱ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ጥለውን ሲወጡ የቀረነው እንደምንም እንቆያለን ብዬ ነበር። የኛ ትምህርት ቤት ቦርድ ግን አንድ ማታ ተሰብስቦ ወደ ምሥራቁ ሊግ ገባን አለ፤ በሳምንቱ እናንተ ወደ ምዕራቡ መግባታችሁን ሰማን። የቦርዱ ሊቀ መንበር ተነስቶ፣ የተማሪዎቻችንን ቁጥር የሚመጥኑ ተጋጣሚዎች አግኝተናል፣ ለልጆቹ የሚበጀው ይህ ነው አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ሴቶቻችን ባለፈው ዓመት በአርባ ነጥብ ሲሸነፉ እኔ ነኝ ነጥቡን የጻፍኩት። ግን ከቤቴ በረንዳ የእህል ጎተራው የሚታየኝ ከተማ እንዴት ነው ተጋጣሚዬ መሆኑ የሚቀረው? ከኛ ሰው ግማሹ ያገባው ከናንተ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአዲሱ ሊጋችን ኦክሌቶች መረብ ኳስ ሊጫወቱ መጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቶ ማን ይከተላቸዋል? የእንግዶቹ መቀመጫ ላይ ከነሹፌራቸው አንድ ረድፍ አልሞሉም። ወላጆች የሠሩት የቺሊ ወጥ በድስቱ ቀረ፤ የቀረፋ ዳቦውንም ለቤት ለቤታችን ተከፋፈልነው። እናንተ ስትመጡ እኮ ከእረፍት በፊት ነበር የሚያልቀው!

የነዳጅ ማደያው ዱዌን እንኳ ተለውጧል። ድሮ የሃስኬት ሰው ነዳጅ ሊቀዳ ሲገባ፣ ልጆቻችሁ ኳስ መያዝ ተማሩ ወይስ ገና በእጃችሁ ነው የምታጎርሷቸው ይለው ነበር። ሰውየውም፣ አንተ ስትጫወት ያየሁህ ጊዜ ኳሷ ራሷ ታዝንልህ ነበር ብሎት ይወጣል። አሁን ሂሳቡን ተቀብሎ ዝም ነው። ሰው መሰዳደቡን ሲተው እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

የስፖርት ኃላፊያችንን ጄሬትን ለመንኩት። ከሊጉ ውጪ የሚጫወቱበት አንድ ባዶ ቀን ስላለ፣ እባክህ ሃስኬቶችን ጥራልን አልኩት። ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ እፊቴ ደወለላችሁ። ስልኩን ሲዘጋ ግን ቀና ብሎ ሊያየኝ አልፈለገም። ከአዲሶቹ ጓደኞቻቸው ጋ ይጫወቱ ብለውታል። አልፈርድባቸውም፤ ቀድመን የወጣነው እኛ ነን። ቢሆንም መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ እንዲህ ስልህ አላፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እባክህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ ከሜዳው ማዶ ያለውን የማልያ ቁጥር ማየት ካቆምክ። መጀመሪያ የኔን መዝገብ ማየት ስታበዛ ደክሞህ መሰለኝ። ኋላ አንዷ ልጃችሁ ኳስ አግብታ አዳራሹ ሲናወጥ፣ አንተ ብዕርህን አንስተህ ጆሮህን ወደኔ አዘነበልክ። ያኔ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ለራሴ የምናገር መስዬ ጮክ እል ጀመር፤ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ፤ ሠላሳ፣ ሦስተኛ ፋውል። አንተም፣ አንቺ ሴትዮ አረጀሽ፣ ለብቻሽ ማውራት ጀመርሽ አልከኝ። እኔም ሳቅሁና እርጅናውን ተቀበልኩ።

አንድ ጊዜ እንኳ ውሸት ቁጥር አልነገርኩህም። የኛን ሰው ፋውል እንኳ አልደበቅሁህም፤ ይህንን ታውቃለህ። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቡድንን መደገፍ ክልክል ነው፤ ሁለታችንም ፊታችንን እንደ ዳኛ አጥቁረን ነው የምንቀመጠው። ግን እውነቱን ልንገርህና፣ አንተ ቁጥሯን ሰምተህ ስትጽፍ ማን እንዳሸነፈ የምረሳበት ጊዜ ነበር።

ባለፈው ወቅት እዚህ ብራደን የመጨረሻው ጨዋታችን ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የልጆቹ አውቶቡስ እስኪንቀሳቀስ ፒክአፕህ ውስጥ ተቀመጥክ። ከዚያ ተነስተህ የአውቶቡሱን ቀይ መብራት ተከትለህ፣ ከጭራው ሳትርቅ እስከ ሃስኬት ነዳህ። ከኋላህ ራቅ ብሎ ይመጣ የነበረው መኪና የኔ ነበር። በርህ ላይ መብራት እስኪበራ ጥጉ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

እስካሁን መንገዱ አሥራ አንድ ማይል ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ እጅህ የሚያውቀው። ዘንድሮ ግን የናንተ ሰዎች ወደ ምዕራብ፣ እስከ ኮሎራዶ ድንበር ድረስ ነው የሚሄዱት። አውቶቡሱ ደግሞ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ጭኖ ለአንተ ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ሲገባ ፍጥነቱን አትደርስበትም። ከባድ መኪናው አለ፣ አጋዘኑ አለ፣ አስፋልቱ ላይ የሚጋገረው በረዶ አለ። ሌሊት እነቃና የት ደርሶ ይሆን እላለሁ፤ ጨዋታው ሳይጀመር ገና በጥቅምት።

ተወው ልልህ ግን አፌ አይታዘዝልኝም። ባለቤትህ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣህ ያ መዝገብ ብቻ እንደሆነ ነግረኸኛል። ልጅህ ኮሪንም ለብቻህ መኖር ያቃተህ ከመሰላት ኦማሃ ከተማ አፓርትማ ውስጥ እንደምታስገባህ ራስህ ነህ በእረፍት ሰዓት የነገርከኝ። የዛን ዕለት «እዚያ ከገባሁ ከመስኮት ሆኜ የሰው መኪና ስቆጥር እሞታለሁ» ስትለኝ እርሳሴን ቀረጽኩ። አዲሶቹ መዝጋቢዎች አጠገብህ ሲቀመጡ ደግሞ የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ ይነቁብሃል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የማያውቁህ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ጄሬት ቢሮ ገባሁና ዘንድሮ መዝገቡን አልይዝም አልኩት። ደነገጠ። ልጆቹን ሁሉ ከነእናቶቻቸው የጻፍሽ ሴት ምን ሆነሽ ነው አለኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ማዶ ያለው ቁጥር አይታየኝም» አልኩት።

እንደ ሉተራን ሴትነቴ መዋሸቴ ቆጭቶኛል፤ ያውም ፓስተሩ በማግስቱ ስለ ዓይኔ ጸለየልኝ። ከተማው በሙሉ አወቀ። ዱዌን ነዳጁን ራሱ እየወጣ ይቀዳልኛል። ጄሬት ደግሞ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝና፣ ጨዋታ ማየት ስትፈልጊ የሚወስድሽ ሰው ልፈልግልሽ አለኝ።

«ሰው አለኝ» አልኩት።

አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን የምታውቀው አንተ ነህ። የመጀመሪያው የውጪ ጨዋታችሁ በኅዳር፣ ከምስጋና ቀን በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ጨለማው ሳይወርድ ሃስኬት መግቢያ ላይ፣ የእህሉ ሚዛን ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ቁልፉን ለኔ ትሰጠኛለህ፤ ፒክአፕህ የወንድሜን ስለሚመስል እችለዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከመዝጋቢው ጎን ለረዳት አንድ ወንበር ይፈቀዳል፤ ለሌላ ነገር አስመስዬ ጄሬትን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሳትቆምልኝ ካለፍክ የሞተርህ ድምፅ እስኪጠፋኝ ቆሜ እመለሳለሁ፤ ዳግመኛም አላስቸግርህም። እንድትመጣ ግን እፈልጋለሁ። ይህንን በትንሽ ፊደል ልጽፈው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

የኛ ሰው ምን ይላል፣ የናንተስ ሰው ብለህ አትጨነቅ። አዲሶቹ ሰዎች፣ ይህች ጎንህ ሆና የምታንሾካሹክ ሴት ማን ናት ብለው ቢጠይቁህ፣ ድሮ የብራደን መዝጋቢ ነበረች፣ አሁን ዓይኗ ደክሞ ጨዋታው አይታያትም፣ እኔ ነኝ የምነግራት በላቸው።

ወገብህን ያበርታልህ፣ ከብቶችህን ይባርክልህ፣ የኮሪንንም ልብ ያራራልህ። በሰላም ያገናኘን።

በግራህ የምትቀመጠው፣
የጠረጴዛ ጎረቤትህ