በአንተ ፈንታ ከቼዙ ሊቅ ፊት

ይስማዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ክረምቱ ወጥቶ በጋውም ሊያልቅ ነው፤ ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የቡሬውን ቤት ጣራ አስለወጥኩ፤ ተይው ቢሉኝ አጥሩንም አፍርሼ አሳጠርኩ። ታናሿ ልጅህ ፍኖተ ሰላም ትምህርቷን ጀምራለች። ሥራ ሲያልቅብኝ ነው ናፍቆትህ የሚብስብኝ።

አሁን የምነግርህን ስማ። ዕድሜህን ሙሉ «አንዴ በገጠምኩት» ስትል የኖርከው ዓይነት የቼዝ ሊቅ፣ ግራንድ ማስተር የሚሉት፣ ከውጭ አገር ፍኖተ ሰላም መጣ። በአንድ አዳራሽ ከሃያ ሰው ጋር በአንዴ ይጫወታል ተባለ። አንተ የለህም፤ እኔ ሄድኩልህ። ያስተማርከኝ ጨዋታ ከእውነተኛ ሊቅ ፊት ይቆም እንደሆነ ሳላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጎረቤቶች ከሏን ሳታወልቅ ጨዋታ አማራት አሉ። ይበሉ፤ ምን ገዶኝ።

ሊቁ ከሰሌዳ ሰሌዳ እየዞረ አንዳንድ ጠጠር ያንቀሳቅሳል። እኔ ጋ እስኪመለስ መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ፤ ታውቀኝ የለ። ወታደሩንም ፈረሱንም በላይ በላዩ አሰለፍኩ። በድሮው ያገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ሕግ፣ መጀመሪያው ወረራ ነው፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ አይጠበቅም ብለህ አልነበር ያስተማርከኝ? ተማሪዎቹ ሳቁብኝ፤ አስተባባሪው ተቆጣኝ። ሊቁ ግን አልሳቀም። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ባሌ እንዲህ አስተምሮኝ ነው ብዬ ነገርኩት፣ አስተርጓሚው መልሱን አመጣልኝ።

«ሕጉስ እውነት ነው፤ ግን ለሁለቱም ነው። ባልሽ ያን ጊዜ ምን ያደርግ ነበር?»

አንተ እኮ በወረራው አንድም ቀን ጠጠር አልነካህም። እጅህን አጣጥፈህ እኔን ነበር የምታየው። እኔ ሞኟ ሰልፌን ጨርሼ እመታህና ባሌን አሸነፍኩት እያልኩ ቡሬን ሙሉ ሳወራ ኖርኩ። አንተም አዎ፣ አልቻልኳትም ትላለህ። ምነው አንዴ እንኳ ብትነግረኝ?

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ጠጠሮቹን ለቅሜ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ተራዬን እየጠበቅኩ ተጫወትኩ፣ ቶሎም ተሸነፍኩ። መሸነፉ አላስለቀሰኝም። ያለቀስኩት ስመለስ፣ ሚኒባሱ ማንኩሳን ሲያልፍ ነው፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሐዘን አዲስ ነው ብለው አጽናኑኝ።

አልረሳህም፣ ይስማዬ። ልጆችህም ማን ማንን ይጠብቅ እንደነበር እንዲያውቁ እነግራቸዋለሁ። ፈጣሪ በፈቀደ ቀን እኔም እመጣለሁ። እዚያ ሰሌዳ ካለ አንተ እንደ ልብህ አሰልፍ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።

ጥሩዬ