ያላንተ ቤቱ ይሰፋኛል

ለማልጠግብሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ እማዬም ሁላችሁ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጤናዬ ደህና ነው፤ የተከራየኋት ክፍልም ዝናብ ማፍሰሷን ትታለች።

ማተሚያ ቤቱ በአራሚነት ለሙከራ እንደቀጠረኝ ነግሬሽ ነበር። አለቃዬ ጥንቅቅ ያሉ ሴት ናቸው። «የኔ» የሚል ካዩ «የእኔ» ሳያደርጉት ውሃ አይጠጡም። «ካንቺ» «ከአንቺ» ይሆናል፣ «ባገር» «በአገር»። በሌሉበት «ሙሉ ቃል» እንላቸዋለን።

ባለፈው ሰሞን አንድ የሒሳብ መምህር ስለ ሟች ሚስታቸው የጻፉት መጽሐፍ እጄ ገባ። ሴትዮዋ ታመው እንደተኙ ባላቸውን ሲጠሩ «ና፣ ካጠገቤ ሁን፤ ያላንተ ቤቱ ይሰፋኛል» ይላሉ። አንጀቴን በላኝ። ቢሆንም ደንብ ነውና «ከአጠገቤ»፣ «ያለ አንተ» ብዬ ዘረጋሁት።

መምህሩ እርማቱን ሊያዩ መጡ። እዚያች ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በለሆሳስ «ልጄ፣ እሷ እኮ ችኩል ነበረች። እንዲህ ቃሉን አንድ በአንድ ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። ድምጿ የቀረኝ እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው» አሉኝ።

የማደርገው ጠፋኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት አለቃን ማስቀየም የሥራዬን በር በገዛ እጄ መዝጋት ነው። ግን ሆዴ አልችል አለና መምህሩን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

አለቃዬ መጀመሪያ «ላንዱ ከፈቀድን ሌላውን በምን አፋችን እንከለክላለን?» አሉ። ራሳቸው «ላንዱ» ማለታቸውን አላስተዋሉም። ቀና ብለው የመምህሩን ፊት ሲያዩ ግን «እስቲ ባለቤትዎ እንዳሉት ይበሉልኝ» አሏቸው። መምህሩ አሉት። መሐል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። አለቃዬ እስክሪብቶ አንስተው ቃሎቹን ራሳቸው መልሰው ገጠሟቸው። «ትረካውን ግን አልለቅም» ሲሉ፣ መምህሩ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁና «ትረካው የኔ ነው፤ እንዳሻዎ ይዘርጉት» አሉ።

መምህሩ ሲወጡ አለቃዬ አስቀመጡኝ። በልጅነታቸው ሥራ ሲጀምሩ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ላገራችን» ብለው ጽፈው ሰው ፊት እንደተዋረዱ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሲያዩ እንደሚደነግጡ አጫወቱኝ። አሳዘኑኝ፣ እታለሜ። ያን ቅጽል ስም መጥራቱን ትቻለሁ። ለቋሚ ቅጥር ባስገባሁት ማመልከቻ ላይም «ካሁን ቀደም» የሚለውን በቀይ ከበው፣ «ማመልከቻ ጨዋታ አይደለም» ብለው ተቆጥተው፣ ፈረሙልኝ!

አንቺን ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ማተሚያ ቤት መግባቴን ከሰማሽ ወዲህ ደብዳቤሽ ሁሉ «በአክብሮት እገልጻለሁ» ሆኗል። ምነው፣ አለቃሽ ነኝ እንዴ? ልክ እንደምታወሪው ጻፊልኝ። ቃሉን ብትቆርጪውም ብትውጪውም ግድ የለም፤ ብቻ ሳነበው ሳቅሽ ይሰማኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን በርታ በይልኝ፤ ትልቋን ቁመቷን ለክተሽ ላኪልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ።

ያንቺው ታናሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን