በሣርሽ ላይ ችግኝ ተከሉልሽ

ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሬትሽ ዘንድሮ እስካሁን አልተቃጠለም።

ጽጌ፣ ከሄድሽ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ ጂንካ ገበያው አጠገብ ካለ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ነው። መብራት ሄዷል። ባለሱቁ «አሁን ይመጣል» ካለኝ ቆየ። የተላክሁት ባነር ለመውሰድ ነው፤ ባነሩም ያንቺ ነው። ነገ ትመረቂያለሽ።

ምን እንደሚመረቅ ልንገርሽ፤ ብትስቂ አልቀየምሽም። ሚያዝያ ላይ ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ መሥሪያ ቤታችን በስምሽ ደን ተከለ። የት ቢሉ፣ ከቀይ አፈር አልፎ በዲመካ መንገድ ዳር፣ አንቺ በየኅዳሩ በምታቃጥዪው መሬት ላይ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ጥናትሽን ጉድጓድ በጉድጓድ አድርገው የኒም ዛፍ ችግኝ ተከሉበት። ዙሪያውን አጠሩት። «እሳት ማንደድ ክልክል ነው» የሚል ታፔላም አቆሙ፤ ከሥሩ ስምሽ አለ። ላላወቀ ሰው ክልከላውን አንቺ የጻፍሽው ይመስላል።

ተናድጄ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። አዲስ ነው፣ አታውቂውም። ክፉ ሰው አይደለም። «ዶክተር፣ እርስዎን ደስ ይበልዎ ብለን እኮ ነው፤ መሬቱ ባዶ ነበር» አለኝ። ሣር ያለበት መሬት ለእነሱ ባዶ ነው። ያንቺንና የእኔን መሬት ለምን ጎን ለጎን እንደያዝናቸው አስረዳሁት። ያንቺ ሣሩ ግማሹ እርጥብ ሳለ በየዓመቱ ይቃጠላል፣ የእኔን ግን እሳት አይነካውም፣ ከዚያ የትኛው ላይ ምን እንደሚበቅል እናያለን። አንድ ዓመት ከተዘለለ ንጽጽሩ አበቃለት። ማስታወሻ እየያዘ በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ «ገብቶኛል ዶክተር። ብቻ በፕሮግራሙ ላይ እሳት የሚለው ቃል ባይነሳ፤ እንግዶች አሉ» አለኝ። ከዚያም ደጋግሜ ሄድኩ። በሄድኩ ቁጥር ይገባዋል።

ከእሱ ይልቅ ያስቸገረችኝ ልጃችን ሰላም ናት። ጠርተዋት ከሐዋሳ መጥታ የራሷን ችግኝ ተክላለች፤ መግቢያው ላይ ያለው የእሷ ነው። መሬቱ መቃጠል አለበት ብዬ በስልክ ነገርኳት። «አባዬ፣ እማዬ እያለች በዚህ ሣር ስትጨቃጨቁ ኖራችሁ። አሁንም አልጨረሳችሁም?» አለችኝ። አልጨረስንም። አንቺ በጊዜ የተቃጠለ ሣር ዛፉን ያድነዋል፣ ሳይቃጠል የከረመው ነው የካቲት ላይ እሳት ሲነሣበት ዛፉን ይዞ የሚሄደው ስትዪ፣ እኔ ሰው ካልነካው በራሱ ደን ይሆናል ስል ኖርን። የእኔ መሬት እሾህ ሆኗል። ቀሚስሽን በያዘሽ ቁጥር «ደንህ አልለቅም አለኝ» ትዪኝ ነበር። ቢሆንም ገና ነው፤ አልተሸነፍኩም።

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይልሻል? እሳትሽ እንዳያልፍ የመነጠርነውን መስመር ዘሎ ድንኳናችንን በላው። እኔ ብርድ ልብሱን ላድን እሮጣለሁ፣ አንቺ የነፋስ መለኪያሽን ወደ ላይ ይዘሽ «ጻፍ እንጂ፣ ጻፍ» እያልሽ ትጮኺብኛለሽ። በምን ልጽፍ? እስክሪብቶው ድንኳኑ ውስጥ ነበር።

ቤት ብዙ አልተለወጠም። የጓዳው ጣሪያ እንደ ድሮው ያፈስሳል። ቦት ጫማሽን ለጠባቂያችን ለኦይታ ሚስት ሰጠሁ፤ ሰፍቷት ውስጡን ጨርቅ ጠቅጥቃ ታደርገዋለች። አምና ሐዘንሽ ሳይበርድ መሬትሽን ያቃጠልነው እኔና ኦይታ ነን። ክብሪቱን የጫረው እሱ ነው። ዘንድሮም ማንም ሳያዘው ከወንድሞቹ ጋር መስመሩን መንጥሮ ጨርሷል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ስቆም አጥሩን አየ፣ እኔን አየ። «ሴትዮ ቢኖር እኔም አንተም ዛሬ ተገርፈናል» አለኝ በሚሰባብራት አማርኛው፣ በራሱም ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሣሩ ደርሷል ጽጌ። ከሳምንት በኋላ እስከ ሥሩ ይደርቃል። ያን ጊዜ ባነደው ያንቺ እሳት አይሆንም፤ ዕድሜሽን ሙሉ የተሟገትሽው እሳት ነው የሚሆነው። ነገ ከተመረቀ ደግሞ ደን ተብሎ መዝገብ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚነካው የለም። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት ልተወው ወስኜ ነበር። ስምሽ እንኳ ይቁም፣ ሰላምም አትዘን አልኩ። ባነሩን አምጣልን ሲሉኝም እሺ ብዬ መጣሁ።

መብራት መጣ። ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ያወጣሽ ጀመር። መጀመሪያ ሻሽሽ፣ ከዚያ ግንባርሽ፣ ከዚያ ያ ሳቅሽ። ፎቶውን አወቅኩት፤ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ። ሣሩን ለኩሰሽ ዞር ስትዪ ነው። ቀኝ እጅሽ ላይ የሚነድ የሣር ችቦ ነበር። እጅሽን ቆርጠውታል። ከጀርባሽ የነበረውን ጭስ አጥፍተው ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደን አድርገውበታል። የአውሮፓ ጥድ ይመስላል። አንቺ ግን እየሳቅሽ ነው፤ በምን እንደምትስቂ አይታይም።

ለኦይታ ደወልኩ። «መጣሁ፣ ዛሬ እናቃጥላለን፣ ውኃውን ቅዱ» አልኩት። ለኃላፊው ከቀይ አፈር ሆኜ እነግረዋለሁ፤ እንደ ልማዱ ይገባው ይሆናል። ሌሎቹ ኒሞች ከበረቱ ከሥራቸው ያቆጥቁጡ፤ እሳቴ ቀዝቃዛ ነው ትዪ አልነበር? የሰላምን ችግኝ ግን ከነአፈሩ አንስቼ እኔ መሬት ውስጥ እተክለዋለሁ። የሰው እጅ አልነካውም ብዬ የምኮራበት መሬት ዛሬ እጅ ሊነካው ነው። ያንቺ እንዳይጎድል የእኔ ተበላሸ። ለሰላም ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ሳቂ።

ሐውልት፣ ባነር፣ ምረቃ ከእኔ አትጠብቂ ጽጌዬ። ጉልበቴ እስከያዘ ድረስ ግን ኅዳር በመጣ ቁጥር እየተነጫነጭኩም ቢሆን መሬትሽን አነድልሻለሁ። ጭሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ አንቺን መውቀሴም አይቀርም።

ባለሱቁ ባነሩን እየጠቀለለ «አባት፣ አለቀ፣ ይውሰዱት» ይለኛል። ከውጭ የዲመካው ሚኒባስ ረዳት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። ባነሩን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ እየወጣሁ ነው።