የአባዬ ኮሌታ ሲጠብ

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

የአባዬን ኮሌታ ዛሬም ለቀቅ አደረግኩ። ሦስተኛዬ ነው። በገና ስለካቸው አንገታቸው 38 ነበር፤ አሁን 42። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጾሙ ተስማማዎት፣ ፊትዎ ሞላ አሏቸው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጅል! ሽሮና ንፍሮ የሚበላ ሰው በሁዳዴ ይወፍራል? ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ አትሳቂብኝ። የፋሲካ ልብስ ተከምሮብኛል፤ ልስፋ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው አልገለጥ አለ። ፊታቸው አብጦ ቀልቷል። ወደ ቀትር ጎደል አለ። ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ላሽላቸው ሸሚዛቸውን ሳወልቅ ደረታቸው ላይ ሰማያዊ ሥር ተገታትሮ አየሁ። እጃቸውም አብጧል፤ ቀለበታቸው አልወጣ አለ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለካ ሰንብተዋል፤ የገብሱን ጆንያ ተደግፈው ነው የሚያድሩት። ትንፍሽ አላሉም። ፈራሁ። ሐኪም ጋ እወስዳቸዋለሁ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ፣ ማታ

ከደ/ብርሃን ገባን። ራጅ ተነሱ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እኔን ብቻዬን ጠርታ ነገረችኝ። ደረታቸው ውስጥ እብጠት አለ። ከራስና ከእጅ ደም ወደ ልብ የሚያወርደውን ትልቁን ደም መልስ ተጭኖታል፤ ደሙ መውረጃ አጥቶ ላይ ይጠራቀማል። አንዳንድ ሰው ላይ የረጋ ደም ነው የሚዘጋው፤ የእሳቸው ግን ካንሰር ሳይሆን አይቀርም። ወይ የሳንባ፣ ወይ የንፍፊት። አ.አ. ሲቲ ስካን ተነስተው ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል። የንፍፊት ከሆነ በኬሞ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። ጨረርም አለ፤ ሥሩን የሚከፍት ቱቦም ይገባል። ቀጠሮ ሚያዝያ 8። እስከዚያ ራስ ከፍ፣ ማጎንበስ ክልክል። ከባሰ ደውዪ አለችኝ።

ለአባዬ ምን አልኩ? ብርድ ነው። የዚህን በሽታ ስም ለበሽተኛው ማን ይነግራል? እናቴም ሳታውቅ ነው የሞተችው። ማጎንበሱንም «ቢቀር ይሻላል» ብዬ አለዘብኩት። እሳቸውም ለብርድ ብዬ ሕማማትን ጥዬ አልሄድም፣ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል አሉ። አልተከራከርኩም። ፈሪ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ፣ 8 ሰዓት

ጨርቅ ስቆርጥ አባዬ ሹልክ ብለው ቤ/ክ ሄደው ሲሰግዱ ነበር። ፊታቸው ጠቁሮ በግንባራቸው ተደፉ። ሰው ቀና አድርጎ ሲያስቀምጣቸው ነፍሳቸው ተመለሰች። እኔ ነኝ የጣልኳቸው። እኔ!

የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ ደግፈው አመጧቸው። ጓዳ ጠርቻቸው እያለቀስኩ ሁሉን ተናዘዝኩ። ከስግደቱ ይፍቷቸው ብዬ ለመንኩ። በሕማማት «እግዚአብሔር ይፍታ» አይባልም፣ ከሆሣዕና በፊት አትመጪም ነበር ወይ ብለው ተቆጡኝ። ልብስ ስሰፋ ነበራ! ከዚያ አባዬ ጋ ወጥተው፣ «ያንተን ስግደት ከእኔው ጋር ጨምሬ እሰግደዋለሁ፤ አንተ ቀና ብለህ ተቀመጥ» አሏቸው። ለእኔ ደግሞ፣ እውነቱን አሁኑኑ ንገሪው አሉኝ።

ለሐኪሟ ደወልኩ። ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ኑ አለች።

9 ሰዓት

ነገርኳቸው። ካንሰር አልኩ። ይዳናል ወይ አሉ። የንፍፊት ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው ብላለች አልኩ። እንዲያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ታዲያ ይህንን ነው የደበቅሽኝ?»

ወይኔ! ክፉውን ስሸሽግ መዳኛውንም አብሬ ሸሽጌባቸው ኖሯል።

አውቶቡስ የለም፤ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘናል። አባዬ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ ቀጥ ብለው። ደ/ብርሃን ዛሬ፣ ከዚያ አ.አ.፤ ናሙናው ሳይወሰድ አንመለስም። የሰው ልብስ ይቆይ፤ ቢሳደቡም ይሳደቡ። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። እትዬ አስካለ በር ላይ ናቸው፣ ምን ሆኑ ይላሉ። ብርድ ነው ልል አፌን ስከፍት አባዬ ቀደሙኝ። ካንሰር ነው፣ ልታከም መሄዴ ነው አሏቸው፣ ጮክ ብለው።