ኦክስጅን እኩል አያካፍልም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ጠመኔ አልቋል። በቁራጯ ውሃን ሣልኩ፦ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ሃይድሮጅን። ኤሌክትሮን ይጋራሉ፤ የሚያያይዛቸውም መጋራቱ ነው አልኩ። እኩል ነው ወይ አለች ብርቄ። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል አንደኛዋ። አይደለም። አንድ ትሪ ይቀርባሉ፣ ኦክስጅን ግን ሥጋውን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ እሱ ወደ ነጌቲቭ፣ እነሱ ወደ ፖዘቲቭ ያደላሉ። ብርቄ ሳቀች፣ ክፍሉ ተከተላት። ዞር ስል የት/ቤቱ ካድሬ ጓድ ሽፈራው በሩ ላይ። በመምህራን ግብዣ ቅልጥሙን ማን እንደወሰደ፣ ጓድ ደብተር፣ ላንተም አልነግርህ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6
ተጠራሁ። ያልተስተካከለ መጋራት በኅብረተሰባዊነት ላይ ማላገጥ ነው ተባልኩ። ዓርብ ሂስና ግለ ሂስ አለ፤ ተነሥቼ ኦክስጅን እኩል እንደሚያካፍል ልመሰክር። እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ፤ ኦክስጅን አይታሰር። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ንስሐ የቀጨኔ ቄሶችም አልሰሙ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7
ጓድ ሽፈራው ንስሐዬን አነበበ። ወደደው። አጥፎ መለሰልኝና፣
«መጀመሪያ የሳቀውን ስም ጨምርበት። አንድ መስመር ናት፣ በቃ።»
ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነበር አልኩ።
«ጆሮህም ዞሮ ነበር?»
ቀልድ ያውቃል ለካ።
የብርቄ ወንድም አምና ከቤት ተወሰደ። እስከ ዛሬ አልገባም። እሱንም አስተምሬዋለሁ። ስሙ ሲነሣ አባትየው መወርወሪያውን ያቆማል። ታዲያ በዚያ ቤት ላይ አንድ መስመር ልጨምር? ምላሴን ቆርጦ የሚጥልልኝ ባገኝ!
ስወጣ ደጅ ጠበቀችኝ።
«ቲቸር፣ በኔ ሳቅ ነው አይደል?»
ስለ ጠመኔ ነው አልኳት። አላመነችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8፣ 8፡30
ስብሰባው በ9። በአዲስ ወረቀት መስመሯን ብቻ ጻፍኩ፦ በቀልዴ መጀመሪያ የሳቅሁ እኔው ነኝ፣ ተማሪዎቹ ጥርሴን አይተው ተከተሉኝ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። የኦክስጅኑን ሦስት ገጽ ቀደድኩ፤ ከዋሸሁ አይቀር ለሚረባ ይሁን። ካፖርት ለብሻለሁ፣ ካልሲ ደርቤያለሁ። የሚወስዱበት ቦታ ወለሉ ይበርዳል ይላሉ።